የማላውቀውን ጻፊልኝ

ለውድ እኅቴ ለድንቅነሽ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን ይዞሽ የነበረው ሕመም ለቀቀሽ ወይ? የኩዌት ሙቀት አሁንስ በረድ አለ? ማዳምሽ እንዳምናው የዕረፍት ቀንሽን እየቀማች ታስቸግርሻለች ወይስ ልብ ገዛች? አብራሽ የምትኖረው ጽጌስ ደኅና ናት? እኔ ስሙ ይክበርና ከዓይኔ በቀር ደኅና ነኝ። ባለቤቴ የሺ፣ ልጆቻችን ገነትና አዲስዓለም ደኅና ናቸው። በቅሎዋም ሳትቀር ደኅና ናት፤ እንዲያውም ከሁላችንም ወፍራለች። ዘንድሮ ጉና ላይ ውርጩ ቀድሞ ወርዶ ድንቹን ቢለበልበውም ገብሱ ደግ ነው። የእናታችንን ነገር ወደ በኋላ እነግርሻለሁ፤ ዘለሽ ወደ ታች እንዳትሄጂ።

ፊደሌ እንደ ጀማሪ ተማሪ ተንቦርቅቆ ብታይው እንዳትስቂ። የምጽፍልሽ ደብረ ታቦር፣ የአክስታችን ልጅ ስመኝ ቤት ሆኜ ነው። ባለቤቷ መምህር ስለሆነ ከእሱ ወፍራም ማርከር ተውሼ፣ ወረቀቱ ላይ ክር ዘርግቼ ክሩን ተከትዬ እሄዳለሁ። ክሩ በተንሸራተተ ቁጥር መስመሩ ዳገት ይወጣል። ስመኝ አንተ ተናገር እኔ ልጻፍልህ ብላኝ ነበር። ይህን ደብዳቤ ግን በሌላ ሰው እጅ ማስጻፍ አልፈለግሁም፤ ስታነቢው ምክንያቱ ይገባሻል። ከጀመርኩት ሁለት ቀን ሆነኝ። ከነገ ወዲያ አርብ ዓይኔን ኦፕራሲዮን ልሆን ነው፤ ከዚያ በፊት መጨረስ አለብኝ።

ጥቅምት ላይ ደውዬልሽ ድምፅሽን ስሰማ ማልቀሴን ሳታስታውሺው አትቀሪም። ምን ሆነህ ነው ብትይኝ ናፍቆት ነው አልኩሽ። ውሸቴን ነው። ናፍቆቱስ አለ፤ ያን ቀን ያስለቀሰኝ ግን ሌላ ነው፤ ዛሬ እሱን ልናዘዝልሽ ነው። ቄስ ለታናሽ እኅቱ ሲናዘዝ ሰምተሽ አታውቂ ይሆናል፤ እንግዲህ ስሚ።

ግራ ዓይኔን ከስድስት ዓመት በፊት አውድማ ላይ የገብስ ገለባ ወግቶት ጠባሳ እንደ ጣለበት ታውቂያለሽ። ከዚያ ወዲህ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር አይጠቅመኝም። የቀረኝ ቀኙ ነበር። እሱም ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፣ ሞራ ይዞታል። የሩቁን ይነስም ይብዛም አያለሁ፤ ጉናን አያለሁ፣ የመጣብኝን ሰው በአካሄዱ እለያለሁ። መጽሐፍ ዘርግቼ ስቀርብ ግን ፊደሉ እንደ ጉንዳን ይተራመስብኛል። ይህን ከየሺና አብረውኝ ከሚያገለግሉት ከቄስ ሙላቴ በቀር ማንም አያውቅም ነበር። አፈርኩ ድንቄ። ሠላሳ ዓመት ቆሜ ያነበብኩበት ደብር ላይ አላይም ብዬ መናገር ሞት ሆነብኝ።

ቅዳሴውንም ዳዊቱንም በቃሌ ስለማውቀው ችግር አልነበረም። ቄስ ሙላቴ ቅጠሉን ይገልጡልኛል፣ እኔ ዓይኔን መጽሐፉ ላይ ተክዬ በቃሌ አወርደዋለሁ። አንድ ቀን የጧፍ ሰም ያጣበቃቸውን ሁለት ቅጠሎች ባንዴ ገልጠዋቸው ኖሮ፣ እኔ የተዘለለውን ገጽ ጭምር አሳምሬ ሳነብ ሳል አመጣባቸው። ሳቅ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ችግሩ ስም ነው። የሟች ስም፣ የሕያው ስም በየቀኑ አዲስ ነው፤ በቃል አይያዝም። የስም ወረቀት ሲመጣ ቄስ ሙላቴ ቀድመው በጆሮዬ ያነቡልኝና እይዘዋለሁ። እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት ሰው ሸነገልን።

ጥቅምት ሁለት ቀን፣ እሑድ፣ የጎረቤታችን የአያ ቢሆነኝ ተዝካር ነበር። ልጁ ሙሉቀን ከአባቱ ጋር የቤቱ ሙታን ሁሉ እንዲታሰቡለት የክርስትና ስማቸውን በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ቄስ ሙላቴ ያን ቀን ጣራ ገዳም ሄደው አልነበሩም። ወረቀቱን ክንዴ እስከሚደርስ አራቅሁት። ወልደ ጊዮርጊስን፣ ኃይለ ሚካኤልን እንደ ምንም ለየሁ። ስድስተኛው ስም ላይ ስደርስ የታየኝ ከመጀመሪያው አ፣ ከመጨረሻው ማርያም ነው። መኻሉ ጭጋግ ነው። የተጻፈው አስካለ ማርያም ነበር፤ የአያ ቢሆነኝ እናት። ከአፌ የወጣው ግን አጸደ ማርያም ነው።

ያንቺን የክርስትና ስም ነው የጠራሁት። ከተሰደድሽበት ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ በጸሎቴ የምጠራው ስም ስለሆነ፣ አ ብዬ ከጀመርኩ ምላሴ ሌላ መንገድ አያውቅም። በሕያዋን መኻል ስጠራሽ ኖሬ በሙታን መኻል ጠራሁሽ። ይቅር በይኝ።

እናታችን በሴቶቹ በኩል በምርኩዟ ተደግፋ ቆማ ነበር። ግእዝ አታውቅም፤ ከሟች ሴት ስም በፊት የሚባለውን ነፍሰ አመትከ ግን ስንቱን ስትቀብር ሰምታዋለች። በአጥቢያችን ደግሞ አጸደ ማርያም የምትባል ካንቺ ሌላ የለችም። ምርኩዟ ሲወድቅ ሰማሁ፣ ከዚያ የእሷን ጩኸት ሰማሁ። የአገራችንን ነገር መቼም አልረሳሽውም። ሰው ባሕር ማዶ ሲሞት ዘመድ ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ ማለዳ እስኪያረዳ ድረስ እናት ምንም ሳታውቅ ትስቃለች፣ ትጫወታለች። ስለዚህ ለእሷም ለሕዝቡም የመሰላቸው አንድ ነገር ነው፤ ቄስ ታምራት የእኅቱን ሞት ሰምቶ በሆዱ ይዞት ኖሮ ዛሬ ከአፉ አመለጠው። ስሕተት ነው፣ ዓይኔ ነው፣ ድንቅነሽ ደኅና ናት ብዬ ጮህኩ። ሽማግሌዎቹ ትከሻዬን እየደባበሱ፣ አይዞህ፣ ወጣልህ፣ ከእንግዲህ አትደብቀን አሉኝ። አንዳንዶቹም ሞቷን ለመሸፈን ብሎ ዕውር ነኝ አለ ብለው አለቀሱልኝ። ከቀትር በኋላ ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ እኛ ደጅ መጣ። የአያ ቢሆነኝ ተዝካር ቀርቶ ያንቺ ለቅሶ ሆነ።

ኔትወርክ ከጠፋ ሳምንት አልፎት ነበር። በአራተኛው ቀን ኔትወርክ ወዳለበት ወደ ገሳይ ከተማ ወርጄ ደወልኩልሽ፤ ያለቀስኩብሽ ያኔ ነው። ሳምንት ቆይቶ ኔትወርኩ ወደኛም ሲመለስ ከእናታችን ጋር አገናኘኋችሁ። እምዬ ብለሽ ስትጠሪያት አጥርታ ሰምታሻለች። ስልኩን መልሳ ሰጠችኝና «የማንን ልጅ ነው ያስጠናችኋት?» አለችኝ። መስመሩ ተቋረጠ ያልኩሽም ውሸት ነበር። ጽጌ ያነሳችሽን ፎቶ ገነት ብታሳያት «ፎቶማ የሞተም ሰው አለው» አለች። በቪዲዮ እንዳታይሽ በእኛ ቀበሌ ኢንተርኔት የለም፤ ገሳይ እንዳናወርዳት ጉልበቷ በቅሎ ላይ አያስቀምጣትም። ከል ለብሳለች። እህል የምትቀምሰው የሺ ስትለማመጣት ነው።

አንድ ቀን ከሳጥኗ የዛሬ ዓመት የላክሽላትን ደብዳቤ አውጥታ አንብብልኝ አለችኝ። ማመን ጀመረች ብዬ ደስ አለኝ። ደብዳቤውን በቃሌ ስለማውቀው ከላይ እስከ ታች አወረድኩላት። ሰምታኝ ስታበቃ ጣቷን መኻል መስመር ላይ አስቀምጣ «ይቺ ምን ትላለች?» አለችኝ። ወረቀቱን አራቅሁት፣ አቀረብኩት። በመጨረሻ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ አይታየኝም እምዬ አልኳት። እፎይ አልኩ፤ እንግዲህ ዓይኔ መታመሙን በዓይኗ አየች፣ ታምነኛለች ብዬ። እሷ ግን ሌላ ነገር አሰበች። ፊቷ ሲለወጥ እንኳ ታይቶኛል። «እንግዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያነበብክልኝ ሁሉ ከራስህ ነበር? ልጄ የሞተችው መቼ ነው?» አለችኝ።

እውነቱን ላንቺ ልንገርሽ። የሺ ደብዳቤሽን ቀድማ ታነብልኝ ነበር፤ እኔ ይዤ ለእናታችን አወርድላታለሁ። ቃልሽን አልለወጥኩም፤ ከአንድ ጊዜ በቀር። ዘይት እጅሽን ያቃጠለሽ ጊዜ የጻፍሽውን ዘልዬ፣ በሱ ፈንታ ደኅና ነኝ፣ ናፍቃችሁኛል የሚል ጨምሬበታለሁ። እንዳትጨነቅ ብዬ ነው። ያን ሳስታውስ እውነት ተናግሬአለሁ ብዬ ለመማል እንኳ አልደፈርኩም። እሷም አለመማሌን አየችና እያለቀሰች እንዲህ አለችኝ፦ «ሞታለች ብለህ ያነበብካት አንተ ነህ፤ አለች ብለህ የምታነብልኝም አንተ ነህ። ሌላ ሰው ቀድሞ ካየው ተማክራችኋል። እኔ ጣቴን አስቀምጬ እጠይቅሃለሁ።» ከዚያ ወዲህ ስለ አንቺ ከእኔ ጋር አንድ ቃል አልተነጋገረችም።

ወደ ሐኪም ያስኬደኝ ይኸው ነው፤ ለራሴማ ቢሆን ኖሮ አሁንም እደብቀው ነበር። ጥቅምት መጨረሻ ላይ እዚሁ ደብረ ታቦር መጥቼ ታየሁ። ሲስተር ሠናይት የምትባል ነርስ ካርድ ይዛ «አባ፣ ቅርብ ነው ሩቅ?» ስትለኝ፣ አገሬን የጠየቀችኝ መስሎኝ ሩቅ ነው አልኳት። የማይታየኝ እሱ ነው ብላ ጻፈችው። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ካርዱን አይቶ «እንግዲያ ማንበቡ አላስቸገረዎትም» ሲለኝ ክው አልኩ። ኧረ ልጄ፣ ሩቅ ያልኩት ቤቴን ነው፣ ከገሳይ በበቅሎ ሦስት ሰዓት ነው ስለው ሠናይት እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ተዝካር ወዲህ ስስቅ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ የደፈረሰውን አውጥተው ንጹሕ ሌንስ ይተኩበታል። ሌንሱ ግን ሁሉንም አያሳይም። ወይ ቅርቡን ወይ ሩቁን፣ አንዱን በባዶ ዓይኔ አያለሁ፣ የቀረውን በመነጽር። የቱን ይመርጣሉ አለኝ። አብዛኛው ሰው ሩቁን ነው የሚመርጠው ብሎኛል። የሺም አብራኝ ነበረች፤ አፏን ሞልታ ሩቁን አለች። «መጽሐፉንማ በመነጽርም ታነበዋለህ፤ ገደል ከገባህ በኋላ ማን መነጽር ያደርግልሃል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ግን ቅርቡን አልኩ። መንገዱን በቅሎዋ ታውቀዋለች። እኔ ያጠፋሁት ከክንዴ በማይርቅ ቦታ ነው። እናታችን ፊት ቁጭ ብዬ ወረቀት ስይዝ በዓይኔና በፊደሉ መኻል ምንም ነገር እንዲኖር አልፈልግም። የሺ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ፤ አሁን ታርቀናል፣ ለአርብ እሷም ትመጣለች።

አሁን በዝግጅት ላይ ነኝ። ዓይኔን በመሣሪያ ለክተውታል፤ ደም ግፊቴን፣ ስኳሬን አይተው ደኅና ነው ብለውኛል። ስመኝ በቀን አራት ጊዜ ጠብታ ታደርግልኛለች፤ ሰዓት አታዛንፍም፤ ጠብታው ጉሮሮዬ ድረስ ወርዶ ይመረኛል። በኋላ ውኃ ፊቴን እንዳይነካው ስለ ተባልኩ ነገ ራሴን እታጠባለሁ፤ ጠበልም ቢሆን ለጊዜው አይቻልም። ጭስ አይቻልም፣ ሸክም አይቻልም፣ አንገት ደፍቶ መስገድ ለሳምንታት አይቻልም። የኅዳር ጽዮን ዕለት በማኅሌቱ አልኖርም። ከሁሉ ያስጨነቀኝ ግን ሳል ነው። የሚያደነዝዙት ዓይኔን ብቻ ስለሆነ ነቅቼ ነው የሚሠሩኝ፤ ፊቴን በጨርቅ ሸፍነው፣ ሳልንቀሳቀስ፣ ሳልስል ግማሽ ሰዓት መተኛት አለብኝ። ስለዚህ ከቀትር በኋላ ስመኝ መደቡ ላይ አጋድማኝ ፊቴን በነጠላ ትሸፍንና ሰዓት ትይዝልኛለች። ትናንት ሃያ ደቂቃ ስደርስ ስቄ አበላሸሁት፤ የተገነዝኩ መስዬ ታየኝና።

እፈራለሁ ድንቄ። ለሰው ሁሉ እግዚአብሔር ያውቃል እላለሁ፤ ላንቺ ግን እፈራለሁ እልሻለሁ። ሐኪሙ ከመቶ ሰው አንድ ሁለቱ ላይ ነገሩ ሊበላሽ ይችላል ብሎ ሳይሸሽግ ነግሮኛል። ሁለት ዓይን ላለው ያ ቀላል ነው። እኔ ያለኝ አንድ ነው። አርብ ከጠፋ የሺን አላያትም፣ ልጆቼን አላያቸውም፣ ማሳዬን በሰው እጅ እየተመራሁ ነው የምደርስበት። እንዳልተወው ደግሞ ሞራው ይብሳል እንጂ አይቆምም። ሌላው ፍርሃቴ እናታችን ናት። ኮንትራትሽ ሳያልቅ፣ ፓስፖርትሽም በማዳምሽ እጅ እያለ፣ እስከ ሰኔ መምጣት እንደማትችይ ዐውቃለሁ። እናታችን በዚህ አያያዟ ሰኔን ታየዋለች ብዬ ግን አልዋሽሽም።

እንግዲህ የምለምንሽ ይህ ነው። ደብዳቤ ጻፊላት። ይህን ወረቀት የምታደርስልሽ ወደ ኩዌት የምትሄድ የስመኝ ጎረቤት ልጅ ናት፤ መልሱን ለገና ወደ አገር ከሚመጣ ሰው ጋር ላኪው። ሐኪሙ ዓይኑ የሚረጋው በአምስት በስድስት ሳምንት ነው ስላለኝ ከገና ጋር ይገጥማል። ረጅም እንዳይሆን፤ ፊደሉን ጎላ አድርጊው። ደግሞ እናታችንና አንቺ ብቻ የምታውቁትን አንድ ነገር ጻፊበት። ልጅ ሳለሽ ያጠፋሽውና እሷ ከአባታችን የደበቀችልሽ ነገር ይሁን፣ ስትሄጂ በጆሮሽ የነገረችሽ ይሁን፣ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ማወቅ የለብኝም። በስልክ ፍንጭ እንኳ አትስጪኝ፤ ለየሺም ለስመኝም አትንገሪ። ፖስታውን አሽገሽ፣ ከእናቴ በቀር ማንም አይክፈተው ብለሽ በላዩ ጻፊበት። እሷ ትክፈተውና ትስጠኝ፤ ጣቷን የፈለገችበት መስመር ላይ ታስቀምጥ። የማላውቀውን ነገር ከወረቀት ላይ አንሥቼ ካነበብኩላት፣ አንቺም በሕይወት እንዳለሽ፣ እኔም እንዳልዋሸኋት ባንድ ጊዜ ታምናለች።

ካልታየኝስ ያልሽ እንደሆነ፣ እሱንም አስቤበታለሁ። አንቺ ምን ልትጽፊ እንደምትችይ መገመት አያቅተኝም፤ እንደምትወጃት፣ እንደናፈቀችሽ፣ ሰኔ እንደምትመጪ አሳምሬ ላወርድላት እችላለሁ፤ ሁለት ዓመት የለመድኩት ሥራ ነው። አላደርገውም። ወረቀቱን መልሼ እጇ ላይ አስቀምጬ አላየሁም እምዬ እላታለሁ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አላውቅም። ቄስ ሙላቴንም ከአሁን ወዲያ ዓይኔ ካልበራ ስም አላነብም ብዬአቸዋለሁ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

በይ፣ ማርከሩም እየነጠፈ ነው። ጽጌን በብዙ ሰላም በይልኝ፤ ስትታመሚ ስላስታመመችሽ እግዚአብሔር ብድሯን ይክፈላት። የሺ በናፍቆት ሰላም ብላሻለች፤ ወገቧን እንዳትጫወትበት በልልኝ ብላለች። ገነት ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፤ ሰላም ብላሻለች። አዲስዓለም የላክሽለት ጫማ ጠበበኝ ማለቱን ትቶ ሰላም ብሎሻል። ቄስ ሙላቴ እግዚአብሔር ይጠብቅሽ ብለውሻል፤ ስምሽን በሕያዋን መኻል የሚጠሩት አሁን እሳቸው ናቸው። ስመኝና ባለቤቷም ሰላም ይሉሻል።

የእናታችንን ሰላምታ ግን አልጻፍኩልሽም። ከቤት ስወጣ ለድንቅነሽ ምን ልበልልሽ ብዬ ጠይቄያት ነበር። የከሏን ጫፍ ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ዝም አለችኝ። እንደ ድሮዬ ቢሆን እናትሽን ናፍቀሻታል፣ ሰላም ብላሻለች ብዬ ከራሴ እጨምርልሽ ነበር። አሁን ግን ያላለችውን አልጽፍም።

ወንድምሽ ቄስ ታምራት
ደብረ ታቦር
ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.